የሙሄ ወሬና የሰፈሩ አሚን

ነሐሴ ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ ጧት፣ የሙሄ ወሬ ስልሳ አንድ ገባ።

ቁጥሩን ያየሁት እንደ ወትሮው ታክሲ ተራው ላይ ካለው ሰሌዳ ነው። ከላይ ዝናቡ የሚጀምርበት ሰዓት ይጻፋል፣ ከመካከል የመብራት ፈረቃ፣ ከታች የተጫዋቾች ወሬ። የኮምቦልቻ ሰው ሰሌዳውን አይቶ ጃንጥላውን ያዘጋጃል፤ ከዚያ ስለ ሙሄ ያወራል። እያወራ ሳለም ቁጥሩ ዓይኑ ሥር ይለወጣል።

«ስልሳ አንድ!» አለች ጦይባ። እዚያው ታክሲ ተራ ለስላሳና ብስኩት ትሸጣለች። «ትናንት ሃምሳ ዘጠኝ አልነበረም እንዴ? ሰውየው ተኝቶ ነው እንዴ የሚያድገው?»

«ዝም በይ፣ ስልሳ ሁለት ልታደርጊው ነው» አላት አንድ ሹፌር።

ሁላችንም ሳቅን። ሳቅም ይቆጠራል።

ሙሄ ይማም የቦርከና ቡድን የቀኝ ክንፍ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ስድስቱን ያሳለፈው በአንድ ማሊያ ነው። ሮጦ ሲደክመው ከመስመሩ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ የሰፈሩ ልጆችም ሳይደክማቸው እንደሱ ይቆማሉ። የኔ ጎረቤት ነው። በግቢያችን መካከል ያለው አጥር ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ያነሳው የለም።

ደንቡን ሁሉ ያውቀዋል። የአንድ ተጫዋች ወሬ ሰባ ከደረሰና የባለቤቱ፣ የራሱ የተጫዋቹ ማለት ነው፣ የፈቃድ ቃል ከተሰማ፣ ዝውውሩ ጸና ማለት ነው። ፊርማ የለም፤ ፊርማ የቀረው እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አልሄድም ያለ ተጫዋች ወሬው በሁለት ይጨምራል፣ ስላወራበት። ዝም ያለ በአንድ ይጨምራል፣ ዝም ስላለ። ስለዚህ ሙሄ ከሐምሌ ጀምሮ የሚያወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። ጋዜጠኛ መንገድ ላይ ይዞት «ዳሎል ይሄዳሉ ወይ?» ሲለው፣ «ዘንድሮ በረዶው ቀደም ብሏል፤ ጤፉን እንዳይጎዳው» ብሎ ያልፋል። ለበረዶው ግማሽ ነጥብ ጨመሩለት።

የፈለገው የዳሎል ቡድን ነው። እዚያ ሜዳው ከመሬት በታች ነው። ተጫዋቾቹ የሚያድሩት በማቀዝቀዣ ቤት ነው፤ ቤተሰብ አይገባም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ድምፅ መላክ ይፈቀዳል። ከዚያ የተመለሰ አንጋፋ ተጫዋች አላየንም። ሞቱ ማለቴ አይደለም፤ ውላቸው ራሱን በራሱ ያድሳል። የሠላሳ ሰባት ዓመት እግር ምን ያደርግላቸዋል የሚል ሰው አለ። እግሩን አይደለም የፈለጉት። አሥራ ስድስት ዓመት የተወደደ ሰው ሲነቀል አገር ሁሉ ያወራል። ዳሎል የሚወስደው ያንን ወሬ ነው።

ሙሄን ያሰረው ግን ማሊያው አልነበረም። እናቱ እማማ ዘይነብ ሁለት ዓይናቸው ከጠፋ አሥር ዓመት አልፏል። ሙሄ ከአልጋቸው ጀምሮ በግድግዳው ዙሪያ ገመድ ዘርግቶላቸዋል። ገመዱ ላይ ቋጠሮ አለ። አንድ ቋጠሮ ቧንቧው ነው፣ ሁለት ቋጠሮ መስገጃቸው፣ ሦስት ቋጠሮ የሙሄ በር። እማማ ያንን ገመድ ይዘው ቤታቸውን እንደ ንግሥት ይዞሩታል። ማንንም «ምራኝ» አይሉም። ሙሄ ከሄደ ደንቡ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ይወስዳቸዋል። እዚያ ግድግዳው ሁሉ ለስላሳ ነው፤ ገመድ ማሰር ክልክል ነው።

እኔ ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማዳመጥን ያስተማረኝ የለም፣ ራሴው ሌሊት ሬዲዮ፣ ቀን ሰው እየሰማሁ ተማርኩት። በማዳመጫ ቤቱ ሠላሳ ነን። መንገድ ላይ ባሉት ምሰሶዎች ከተተከሉት ጆሮዎች የተለቀመው ድምፅ ለማሽኑ ይሄዳል፤ ማሽኑ ያልገባውን ለኛ ይልካል። አንዲት ሴት «እሱማ ይሄዳል!» ስትል እያሾፈች ነው ወይስ እያመነች? ያንን ማሽን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ፊቴ ሦስት ቁልፍ አለ፦ ፈቃድ፣ እምቢታ፣ አይሰማም። ስንቀጠር መጽሐፍ ይዘን ምለናል። የሰማነውን ላንለውጥ፣ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠርም ለሰው ላንናገር።

ሐሙስ ማታ ስልሳ ስድስት ሆነ። ዓርብ ጧት ስልሳ ስምንት።

የዚያን ዕለት የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ በሽር እኔ ቤት መጡ። ከጎናቸው ጦይባ ነበረች፤ ነገር ሲኖር ከፊት የምትገኘው እሷ ናት።

«ደምሌ» አሉኝ ሼሁ፣ «ይህ ልጅ ነገ ተነገ ወዲያ መሄዱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አስጨፍሮን ሳንመርቀው ሄደ እንዳንባል። ነገ ከአሱር ሶላት በኋላ ግቢያችሁ ውስጥ ዱዓ እናርግለት ብለን ነው።»

በኛ አገር ምርቃት እንዴት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሽማግሌው እጁን ይዘረጋል፣ ሰው ሁሉ መዳፉን ይከፍታል፤ ሽማግሌው አንድ ባለ ቁጥር ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል። ምርቃት ተመርቆ አፉን የሚዘጋ ሰው ወሎ ምድር አልተወለደም። ከግቢያችን በላይ ደግሞ ባለ ጆሮ ምሰሶ አለ።

«ከሄደ በኋላ ብናደርገውስ?» አልኩ።

«ከሄደ በኋላ ማንን ልንመርቅ ነው፣ ወንበሩን?» አለች ጦይባ። «አንቱ ደግሞ ጾም ሲገባ ይጨነቃሉ። አይጨነቁ፤ ለእርስዎ ሽምብራ ቆሎ ለብቻ አዘጋጃለሁ፣ ቅቤ የነካው እጅ አይነካውም።»

«እንዲያው በልባችን ብንጸልይለት ይሻላል።»

ሼህ በሽር አዩኝ። «ደምሌ፣ ምን ነካህ? ምርቃት ነው እኮ።»

መሐላዬ አፌን ያዘው። «ምንም» አልኩ።

ቅዳሜ ሸራ ተወጠረ። ዝናቡ ሰሌዳው ባለው ሰዓት አቆመ። አርባ የምንሆን ተሰበሰብን፤ ሙሄ ከእናቱ አጠገብ መሬት ተቀመጠ። ፊቱ የወትሮው አልነበረም፤ ግን ፈገግ ይላል። ሊመርቁት የመጡትን ጎረቤቶቹን ምን ይበላቸው? ሂዱልኝ አይል። አልሄድምና አትመርቁኝ ቢል ያው ሁለት ነጥብ ነው፤ በዚያ ላይ ነውር ነው።

ሼህ በሽር እጃቸውን ዘረጉ።

«ዝናቡን የሰላም ያርገው።»

«አሚን!»

«ከብቱን ከበረዶ፣ ልጁን ከጉንፋን ይሰውርልን።»

«አሚን!»

«የታመመውን ይማረው፣ የራቀውን ያቅርበው።»

«አሚን!»

እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ አፍ የራሱ መሆኑ ይቀራል፤ እንደ ከበሮ መቺ እጅ በራሱ ይሠራል። ስድስተኛው ላይ ሼሁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሙሄን በሄደበት ይቅናው። የዳሎል ውሃ ይጣፍጠው። ፈቅዶ እንደወጣ ወዶ ይኑርበት።»

«አሚን!»

አርባ ሰው አለ። እማማ ዘይነብ አሉ። ሙሄ አለ። እኔም አልኩ፤ ሁሉን እያወቅሁ፣ መዳፌን ከፍቼ፣ ከሁሉ ጎልቼ አሜን አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሙሄ መዳፎቹን አየ። ሌላ ሰው ዕቃ እንዳስያዘው ዓይነት ትንሽ ከፍቷቸው ቆየ፤ ከዚያ እንደ ደንቡ ፊቱን አበሰባቸው። አመሻሽ ላይ ሰሌዳው ሰባ አንድ አለ።

ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ድምፁ የኔ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ተራው ነው እንጂ ማንም አስቦ አልላከውም። ርዝመቱ አሥራ አንድ ሴኮንድ። ማሽኑ ከጎኑ «የባለቤቱ ድምፅ አለበት። ፈቃድ መሆኑ አልተለየም» ብሎ ጽፏል። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። የሙሄ አሚን ከእናቱ ድምፅ በስተግራ ነበር፤ ድካም አለው፣ ግን አሚን ነው። ከኋላው የኔ።

«አይሰማም» የሚለውን ተጫንኩ።

ሃያ ደቂቃ አልቆየም፤ የክፍል ኃላፊያችን ኤፍራታ አስጠራችኝ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ረጋ ያለች፣ ሰው የማታንጓጥጥ ልጅ ናት።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ደምሌ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አይሰማም ያሉት አራት ጊዜ ነው። አራቱም ነጎድጓድ ነበረባቸው።»

የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ጥርት ያለ ነው። ከድምፆቹም አንዱ የእርስዎ ነው።»

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«እዚያ ከነበሩማ አድማጭ አይደሉም፤ ምስክር ነዎት።» ውሃ ቀዳችልኝ፤ ጾም ላይ መሆኔ ትዝ ሲላት መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። «ምን ማለታቸው ነበር?»

«ልጄ፣ አሚን ነው ያሉት። ምርቃት ነው። ለፈጣሪ የሚባል ነው እንጂ ለናንተ አይደለም።»

«እሱን የሚቀበል ቁልፍ የለኝም።»

እውነቷን ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይም ያሉት ሦስት ናቸው።

«ሙሄ ራሱ አልፈቀድኩም ቢልስ?»

«ባለቤቱ ሲክድ ክህደቱ ወሬ ሆኖ ይደመራል፤ ቃሉ ግን አይነሳም።» ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «አንድ መንገድ አለ። አብረው የተናገሩት ቃል እንደ አንድ ቃል ነው የሚታየው። ከመካከላቸው የማለ ሰው ካለ፣ እሱ በራሱ አፍ፣ ያልኩት ሳላምንበት ነው ብሎ ከመሰከረ፣ የሁሉም ይወድቃል። ወሬውም ከባዶ ይጀምራል። ከሰፈርዎ የማለ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እሱን ብል ምን እሆናለሁ?»

«ድምፅዎ ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ እሺ ቢሉ፣ እምቢ ቢሉ፣ ቢመሰክሩ፣ ቢምሉ፣ የትም አይቆጠርም። ማዳመጡም ይቀራል።» ዝቅ አድርጋ ጨመረች፣ «ሰዎች አያደርጉትም፣ ጋሽ ደምሌ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስቡ።»

ሥራው አይደለም የከበደኝ። ሰው ከሥራ ወጥቶም ይኖራል። ሳላምንበት ነው አሜን ያልኩት በል የተባልኩት ነው የከበደኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለፈጣሪ የሰጠሁት ነገር ቢኖር ያ አንድ ቃል ነው። ሌላ ስጦታ አልነበረኝም።

ወደ ቤት ሄድኩ። እማማ ዘይነብ ገመዳቸውን ይዘው ከቧንቧው ሲመለሱ ደረስኩ። ጣታቸው ሁለተኛውን ቋጠሮ አገኘና ቆሙ።

«ደምሌ ነህ? ኮቴህን አወቅሁት።»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ቅዳሜ ምርቃቱ እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ። ያንተን ሰማሁ። አሜንህ ከሁሉ ጎላ ያለ ነበር። እንዳንተ አሜን የሚል ክርስቲያን የለም፣ ከሆድህ ነው የምታወጣው።» ሳቁ። «ልጄ ዳሎል ለሽርሽር የሚሄድ መሰላቸው እነዚህ። ለምዶባቸው ነው፤ ምርቃት እንደሁ ክፉ የለውም። መቼም አይሄድም።»

ያልነገራቸው መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ሙሄ በሦስተኛው ቋጠሮ በር ላይ ቆሞ ነበር። እጁ ላይ ገመድ ይዟል፤ አዲስ ቁራጭ ገመድ። ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ።

«መጦሪያው ግድግዳ ላይ ባይፈቅዱም አልጋቸው ላይ ሊፈቅዱ ይችላሉ» አለ። «አንዲት ቋጠሮ ብትሆን።»

«ሙሄ፣ ለምን አሚን አልክ?»

«ጋሼ፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ባዶ ጎል ስቼ አውቃለሁ። አስታውሰው የለ፣ የፋሲካ ማግስቱን? አገር ሰድቦኛል። ምርቃት ላይ ግን አሚን ስቼ አላውቅም።» ገመዱን ኪሱ ከተተው። «ሼሁን አይቆጡብኝ። ሰው ወዶኝ ነው።»

እንግዲህ ይህ ነው። ሰው ወዶት ነው። ጠላት ቢሆን ኖሮ መላ አይጠፋም ነበር።

ስመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አለፍኩ። የፍልሰታ ቅዳሴ ገና አልወጣም። ነጠላዬን አጣፍቼ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ካህኑ ሲሉ ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ አልከፈትኩም አፌን። ከአንድ ሰዓት በኋላ የምክደውን ቃል እዚያ ቆሜ ልለው አልደፈርኩም። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አልኩ፤ ያንንም በሆዴ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤፍራታ ፊት ተቀመጥኩ። ቀይ መብራቱ በራ።

«ቅዳሜ ነሐሴ ሰባት ቀን አሜን ያልኩት ሳላምንበት ነው።»

«ይድገሙት።»

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ያ ነው ያስፈራኝ።

ሰሌዳው በዚያው ማታ የሙሄን ስም አወረደ። የዝውውሩ ጊዜ በአሥራ አምስት ተዘጋ። ፍልሰታ ተፈታ፣ ሙሄ ልምምዱን ጀመረ፣ እማማ ዘይነብ ቋጠሯቸውን እየቆጠሩ ቧንቧ ወረዱ። ለሙሄ ያደረግሁትን አልነገርኩትም፤ ከሥራ የወጣሁት ጆሮዬ ደክሞ ነው አልኩት። ይመን አይመን አላውቅም፤ የወደቀውን አጥር ግን በማግስቱ ምስማር ነቅሎ ለቃቅሞ ጠረገው። ጭራሽ እንዳይነሳ።

ማዳመጫ ቤቱ ግን ያለፈውን አልረሳም። መስከረም ላይ አዲስ መመሪያ ወጣ፣ ሰሌዳው ላይ በመብራት ፈረቃው ሥር ተጻፈ፦ ከእንግዲህ በምርቃት ላይ የተባለ አሚንም ሆነ አሜን ሙሉ የፈቃድ ቃል ነው። ለተጫዋች ብቻ አይደለም፤ ለሁሉ ነው። መሬት ልቀቅ ለተባለ፣ ሥራ ቀይር ለተባለ፣ ልጁን ወደ ሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ለመደቡበት። ከግርጌው ድምፁ ባዶ የሆነና የማይቆጠር ሰው ስም ተጽፏል፤ አንድ ስም ብቻ፣ የኔ።

ጥቅምት ውስጥ የጦይባ እህት ተዳረች። ሼህ በሽር ሙሽሮቹን ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። «ዘራችሁን ያብዛው» አሉ።

ዝም።

ሁለት መቶ ሰው መዳፉን ከፍቷል፤ አፉን የከፈተ የለም። ዓይኖች ሁሉ ወደ ምሰሶው ሄዱ። የሼሁ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌ ናቸው፤ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ምርቃት ሳይዘጋ እጅ አይወርድም። ሙሽራይቱ መሬት መሬት ታያለች።

ጦይባ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ኧረ አንቱ ይበሉልን! ያንቱ እንደሁ አይቆጠርም!»

ሳቅ የጀመረ ነበር፤ ግን ወዲያው ጠፋ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«አሜን» አልኩ።

የሼሁ ትከሻ ረገብ አለ። «ጎጇችሁን ያሙቀው።»

«አሜን።»

ከዚያ ወዲህ ይጠሩኛል። ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲመረቅ፣ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ። ክርስቲያኑ ጋ አሜን፣ ሙስሊሙ ጋ አሚን እላለሁ፤ ለሰፈሩ ሁሉ እኔ አንዱ እላለሁ። ሌሎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን ነክሰው አፌን ያያሉ። ከፊት ወንበር ይሰጡኛል። ባዶ ድምፅ ያለው ሰው በከተማችን እኔ ብቻ ነኝ።

ትናንት፣ ግንቦት ስምንት፣ የዘንድሮው ዝውውር ተከፈተ። ጧት ሰሌዳው ላይ ሙሄ ይማም የሚል ስም አየሁ፤ አጠገቡ ዘጠኝ። ከሰዓት በኋላ ሼህ በሽርን ይዤ ቤቱ ገባሁ። ጦይባና አሥር የምንሆን ጎረቤቶች ነበርን። በዚህ ጊዜ ሼሁ ምን እንደሚሉ ቀድመን ተማክረናል።

«ሙሄን ከእናቱ አይለይብን።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሙሄም ዞረ። ያ ሁሉ ሰው እንዲህ ያለ ምርቃት በአንድ ድምፅ ጮኾ ቢለው ኖሮ እምቢታ ሆኖ ሁለት ነጥብ ይጨምርበት ነበር። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ። መዳፌን ከፈትኩ፤ ካለኝ ሁሉ፣ ከዕድሜዬ ሁሉ፣ ከሆዴ አውጥቼ አልኩ።

«አሜን!»

እማማ ዘይነብ ገመዱን እንደያዙ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። «አንተን ብቻ ነው የምሰማው፣ ደምሌ። ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«አሉ እማማ። በሆዳቸው ነው የሚሉት።»

«በሆድ የተባለ ማን ይሰማዋል?»

«እሱ ይሰማዋል» አልኳቸው፣ ወደ ላይ እያየሁ። ለሳቸው ስለማይታያቸው እጃቸውን ይዤ ወደ ላይ አነሳሁት።

ወጥቼ ታክሲ ተራው ድረስ ሄድኩ። ሰሌዳው ሥር ቆምኩ። የዝናቡን ሰዓት አየሁ፣ የመብራቱን ፈረቃ አየሁ፣ ከዚያ ዝቅ አልኩ። ዘጠኝ። ትንሽ ጠበቅሁ። ጌታ ሆይ፣ መዝገባቸውን አንተም ታየው እንደሆነ አላውቅም።

ዘጠኝ። አልተንቀሳቀሰም።